ቀዶ ሕክምናው የአንድ ቀን፣ ጥንቃቄው የዕድሜ ልክ

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል]

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ነው። ተራ እየጠበቃችሁ ያላችሁ፣ ቀዶ ሕክምናውን አልፋችሁ ቤት ገብታችሁ በማገገም ላይ ያላችሁ፣ እንዲሁም የምታስታምሙ ቤተሰቦችና ጎረቤቶች፣ ዝግጅቱ የእናንተ ነው። በተለይ ደግሞ የአራዳንና የፒያሳን ሰዎች አስበን ነው ያሰናዳነው፤ ዛሬም እዚያው ያላችሁትን፣ በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችሁ ሲነሣ ወደ ሌላ የከተማው ጫፍ የሄዳችሁትንም። ብዕርና ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ፤ ልትጽፏቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ቀዶ ሐኪሙ ቫልቩን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠግናል ወይም ይቀይራል። ያንን ቫልቭ ለዓመታት ጤነኛ አድርጎ የሚያቆየው ግን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ኪኒኑን በሰዓቱ መዋጥ፣ ቀጠሮን አለማሳለፍ፣ የፔኒሲሊን መርፌን አለማቋረጥ። እነዚህ ከቀዶ ሕክምናው የማይተናነስ ዋጋ አላቸው።

[አጭር ሙዚቃ]

ልባችን አራት ቫልቮች አሉት። ቫልቭ ማለት ደም ወደ ፊት ሲሄድ የሚከፈት፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ በር ነው። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል፤ በሮቹም በእያንዳንዱ ምት ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በሩ ከጠበበ ደሙ አላልፍ ይላል፤ በደንብ ካልገጠመ ደግሞ ደሙ ይመለሳል። በሁለቱም ልብ ከአቅሙ በላይ ይደክማል። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ማታ ጋደም ሲል ይታፈናል፤ ትራስ ካልደራረበ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እግሩ ያብጣል።

በበለጸጉት አገሮች ቫልቭ የሚቀየርላቸው በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። በእኛ አገር ግን ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ተማሪዎች፣ አዲስ ሙሽሮች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ምክንያቱ ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ነው፤ መነሻውም ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ያቆስላል። ሁላችንም «ቶንሲል ነው» ብለን የምናልፈው ሕመም ማለት ነው። በወቅቱ ካልታከመ፣ አንዳንዶቹ ልጆች ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ያጠቃል። ልጁ ያተኩሰዋል፤ ዛሬ ጉልበቱን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል። የመገጣጠሚያው ሕመም ይለቃል፤ በልቡ ቫልቭ ላይ ያረፈው ጠባሳ ግን ይቀራል። ቶንሲሉ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው ይወፍራል። ከዓመታት በኋላ ዳገት መውጣት ሲያቅተው ነው ቤተሰብ ልብ የሚለው።

በዚህ አጋጣሚ፣ እንጥል ማስቆረጥ ይህን በሽታ አይከላከልም። ልጁን ለደም መፍሰስና ለሌላ ቁስለት ያጋልጠዋል እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፋውም። ባክቴሪያውን የሚያጠፋው ሐኪም አይቶ የሚያዘው መድኃኒት ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። ከፒያሳ ጊዮርጊስ ተነሥታችሁ፣ ማዘጋጃ ቤቱን አልፋችሁ የቸርችልን ቁልቁለት ስትወርዱ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አለ። የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የበጎ አድራጎት ሥራ ነው ለዚህ ያበቃው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ልቡ መከፈት ያለበት ልጅ ወደ ውጭ አገር መላክ ነበረበት፤ የሚላከውም ዕድል የቀናው ብቻ ነበር። ማዕከሉ በ2001 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት ያ ታሪክ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ከውጭ የሚመጡ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች፣ ከእነሱም አንዱ የእንግሊዙ ቼይን ኦፍ ሆፕ፣ ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር አብረው ሠሩ። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በገዛ እጃቸው ልብ ከፍተው ይጠግናሉ። ይህ ሊያኮራን ይገባል። ሆኖም ተራ የሚጠብቀው ሰው በሺዎች ይቆጠራል፤ ስለዚህ ተራ የሚጠበቅበትን ጊዜ እንዴት እንደምንጠቀምበት ማወቅ ግድ ይላል።

ተራ ስትጠብቁ የምታደርጓቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ጥርሳችሁን ታዩ። የበሰበሰ ጥርስና የቆሰለ ድድ ባክቴሪያን ወደ ደም ያስገባል፤ ባክቴሪያው በአዲሱ ቫልቭ ላይ ካረፈ ለሕይወት አስጊ ነው። ስለዚህ የሚነቀለው ተነቅሎ፣ የሚሞላው ተሞልቶ ነው ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባው። ለጥርስ ሐኪሙም «የልብ ቫልቭ ሕመም አለብኝ» ማለትን አትርሱ።

ሁለተኛ፣ የታዘዘላችሁን የሽንት ኪኒንና የልብ መድኃኒት ሳታቋርጡ ውሰዱ። ጨው ቀንሱ። ሲጋራና ጫት አቁሙ፤ የሳንባችሁ ብርታት የሚያስፈልጋችሁ ከሰመመን ስትነቁ ነው።

ሦስተኛ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ዳማከሴም ሆነ ሌላ ሥራ ሥርና ቅጠላ ቅጠል ሳይቀር። አስፕሪንና ደም ማቅጠኛ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በራሳችሁ አታቁሙ።

አራተኛ፣ ደም። የልብ ቀዶ ሕክምና ያለ ደም አይታሰብም። ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። እድርና ማኅበር ያላችሁ፣ ለቀብር እንደምንደርስ ሁሉ ለደምም እንድረስ።

አምስተኛ፣ ስለ ቫልቩ ዓይነት ከሐኪማችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። የጠበበ ቫልቭ አንዳንድ ጊዜ ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ይሰፋል። አንዳንዱ ይጠገናል። የማይጠገነው ይቀየራል። በዓለም ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰው ሠራሽ ቫልቮች እ.ኤ.አ. በ1960 በተሳካ ሁኔታ ከተተከሉ ወዲህ ሁለት ዓይነት ቫልቭ በስፋት ይሠራበታል። አንደኛው ሜካኒካል ነው፤ ለረጅም ዘመን ይቆያል፣ ግን ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ አይጠይቅም፣ ግን በተለይ በወጣቶች ላይ በዓመታት ውስጥ ያረጃል፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ከአሳማም ከከብትም የሚሠራ አለ። በእምነታችሁ ምክንያት የሚያሳስባችሁ ከሆነ አትፈሩ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሃይማኖት አባታችሁንም አማክሩ። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ያላት ሴት ደግሞ ይህን ሳትናገር ወደ ቀዶ ሕክምናው እንዳትገባ። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ የቫልቩ ምርጫ በዚህ ላይ ይመሠረታል።

[አጭር ሙዚቃ]

የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲደርስ፣ ከታዘዘው ሰዓት ጀምሮ ምግብም ውኃም አይቀመስም። ደረት መሃል ላይ ያለው ፍርምባ አጥንት ይከፈታል። ቀዶ ሐኪሙ ቫልቩን በሚሠራበት ጊዜ ደሙን የሚያዞረውና ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን ነው። ሲያበቃ አጥንቱ በቀጭን ብረት ሽቦ ተሰፍቶ ይዘጋል።

ታማሚው የሚነቃው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። አፉ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ስላለ መናገር አይችልም። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ይደነግጣል፤ ያወቀ ግን ይረጋጋል። ከአስታማሚያችሁ ጋር ምልክት ተስማሙ፤ እጅ አንድ ጊዜ መጭመቅ «አዎ»፣ ሁለት ጊዜ «አይደለም» ይሁን። ቱቦው ሲወጣ ነርሶቹ «ሳል፣ በደንብ ተንፍስ፣ ተነሥ፣ ተራመድ» ይሏችኋል። ጭካኔ አይደለም። አክታ ሳንባ ውስጥ ተኝቶ የሳንባ ምች እንዳያመጣ ነው።

እስኪ አሁን፣ ያላችሁበት ሆናችሁ አብረን እንለማመድ። ጠንከር ያለ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ደረታችሁ ላይ አድርጉ። በሁለት እጅ እቀፉት። በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፤ ትንሽ ያዙት፤ ከዚያ ትራሱን ወደ ደረታችሁ እየጫናችሁ ሳሉ። ከአልጋ ስትነሡ ደግሞ በእጃችሁ ተደግፋችሁ ወይም ሰው ክንዳችሁን ጎትቷችሁ አይደለም። ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ሙሉ ሰውነታችሁን ወደ ጎን አዙሩ፤ እግራችሁን ከአልጋው ወደ ታች ልቀቁ፤ የእግሩ ክብደት የላይኛውን አካላችሁን ያነሣዋል። አስታማሚው ከጀርባ በኩል ትከሻን ይደግፍ፤ ብብት ሥር ገብቶ አያንሣ። ይህን ከአሁኑ የተለማመደ ሰው ያን ጊዜ አይቸገርም።

[አጭር ሙዚቃ]

እንግዲህ ቤት ገባችሁ። ቆዳው ቶሎ ይድናል፤ አጥንቱ ግን ለመጠንከር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ከአራት ከአምስት ኪሎ በላይ አይነሣም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ አይታሰብም። ሊጥ ማቡካት፣ ቡና መውቀጥ፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ የጋለ ምጣድ ማንሣት ለጊዜው የሌላ ሰው ሥራ ይሁን። ሕፃን ልጅ «እማዬ፣ እዘይኝ» ብሎ ሲያለቅስ አንጀት ይበላል፤ ተቀመጪና ሌላ ሰው ጭንሽ ላይ ያስቀምጥልሽ። ታክሲ ውስጥ ተንጠልጥሎ መቆም፣ ለወንበር መጋፋት አይሆንም። የሚሰግድ ሰውም ግንባሩን መሬት ከማስነካቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ እስከዚያው ተቀምጦ መጸለይ ይበቃል።

እግር ጉዞ ግን መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ፤ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ እየጨመራችሁ። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልኩ እሱ ነው፤ ቃል መጨረስ ካቃታችሁ ቁሙና ዕረፉ። ፒያሳ ደግሞ አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከጊዮርጊስ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ መውጣት አለበት። ያ መንገድ ለመጀመሪያው ወር አይደለም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም በየደረጃው መቆሚያ ላይ እያረፋችሁ ውጡ፤ በቀን የምትወጡበትንም ብዛት ቀንሱ።

የጠያቂን ነገርም እናንሣ። ባህላችን መጠየቅ ነው፤ መልካም ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤት ሙሉ ሰው ታማሚውን ያደክማል፣ ጉንፋንም ያመጣል። «እትዬ፣ ጉንፋን ስለያዘኝ ነው በስልክ የጠየቅኹዎት፤ አይቀየሙኝ» ማለት ትልቅ ደግነት ነው። እትዬም «ተባረኪ ልጄ» ይበሉ እንጂ አይቀየሙ።

ታማሚው በእነዚህ ሳምንታት ቢከፋው፣ እንባው ቢቀድመው፣ ነገር ቢረሳ፣ እንቅልፍ ቢያጣ አትደንግጡ። ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይለቃል። ካልለቀቀ ግን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ብዕራችሁን አንሡ፤ ስለ ዋርፋሪን ነው። ሜካኒካል ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪን በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ለምሳሌ ሁልጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው አይ.ኤን.አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ወደ 1 ይሆናል። ሜካኒካል ቫልቩ የተተከለው ሚትራል በተባለው ቫልቭ ቦታ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ የእናንተን ልክ ከሐኪማችሁ ጠይቃችሁ ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ። ከልኩ ሲወርድ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋል፤ ቫልቩ ሊቆልፍ፣ ወይም የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ግማሽ አካልን ሊያሽመደምድ ይችላል። ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ደም ይፈሳል። አንድ ቀን ብትረሱ በማግሥቱ ሁለቱን አንድ ላይ አትዋጡ፤ የረሳችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ምግብን በተመለከተ፣ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የዋርፋሪንን ኃይል የሚቀንስ ቫይታሚን ኬ አላቸው። ክልክል አይደሉም፤ የሚፈለገው መጠናቸው ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው። እዚህ ላይ ጾማችን ትልቅ ነገር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋና ቅቤው ወጥቶ ጎመኑ ለ55 ቀን ማዕዱን ይሞላዋል፤ ፋሲካ ሲሆን ደግሞ በአንድ ቀን ይገለበጣል። ስለዚህ ጾም ሲገባም ሲፈታም ለሐኪማችሁ ንገሩና አይ.ኤን.አር ተለኩ። ረመዳን የምትጾሙም ኪኒኑን ከማፍጠሪያ በኋላ በቋሚ ሰዓት እንድታደርጉት ተመካከሩ። አረቄና ጠጅ፣ ብዛት ያለው ነጭ ሽንኩርት ለመድኃኒትነት መውሰድ፣ ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ እነዚህ ሁሉ የደም መፍሰስ ያመጣሉ።

ስለ ጸበልም በአክብሮት ልናገር። ጸበል የሚሄድ ሰው ኪኒኑን በኪሱ ይዞ ይሂድ። እምነትና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ፤ ዋርፋሪን አቁሞ ሱባኤ መግባት ግን ቫልቩን ያስቆልፋል። ቁስሉ እስኪደርቅ ውኃ አይንካው፤ ልቡ የደከመ ሰውም ብዙ ሊትር ጸበል በአንድ ጊዜ አይጠጣ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ቫልቭ ተቀየረ ማለት የፔኒሲሊን መርፌ አበቃ ማለት አለመሆኑ ነው። ቶንሲሉ ተመልሶ ቢመጣ የቀሩትን ቫልቮች ያጠቃል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሐኪም «ይብቃ» እስኪል ይቀጥላል፤ ለብዙዎችም ዕድሜ ልክ ነው። ልባቸው በጣም ለደከመ አንዳንድ ታማሚዎች ሐኪሙ በመርፌ ፋንታ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሊያዝ ይችላል፤ ምርጫው የእሱ ነው። ጥርስ ከመነቀሉ በፊትም መከላከያ መድኃኒት ይወሰዳል። ድድ መነቀስ ለእናንተ የተከለከለ ነው።

ከዶሮ ማነቂያ፣ ከሠራተኛ ሰፈር ተነሥታችሁ ገላን ጉራና ሌላም ቦታ የገባችሁ አድማጮቻችን፣ ይህን በተለይ ስሙኝ። ቤት ሲቀየር ጤና ጣቢያም ይቀየራል፤ መርፌ የሚቋረጠው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ከድሮው ጤና ጣቢያ የማዛወሪያ ወረቀት አጽፉ። አዲሱ ጤና ጣቢያ ቤንዛቲን እንዳለው፣ አይ.ኤን.አር በቅርብ የት እንደሚሠራ ጠይቁ። ከሩቅ ወደ ጥቁር አንበሳ መመላለሱ ቢከብድም ቀጠሮ አይታለፍ። ድሮ በአጥር ላይ ተጠራርቶ «መርፌሽን ተወጋሽ?» የሚል ጎረቤት ነበር፤ አሁን በስልክ ያስታውሳችሁ።

[አጭር ሙዚቃ]

አደገኛ ምልክቶችን እንዘርዝር፤ ጻፉ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት። ከቁስል መግል መውጣት፣ ወይም ደረት ሲንቀሳቀስ ቀጭ ማለት። በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ፣ በሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ ክብደት መጨመር፣ የእግር እብጠት። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር። የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የንግግር መያዝ። ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ ወድቆ ጭንቅላትን መመታት። የሜካኒካሉ ቫልቭ ድምፅ መደብዘዝ ወይም መጥፋት። ከእነዚህ አንዱ ቢታይ ነገን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ወደ መነሻው ሕመም ስንመለስ፣ በየካቲት 2007 ዓ.ም. የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ተሰብስበው ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአህጉራችን ለማጥፋት ሰባት ተግባራት የያዘ መግለጫ አወጡ። የከተማችን ስም ያለበት ሰነድ ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ሩማቲክ የልብ ሕመምን የተመለከተ ውሳኔ አሳለፈ። ከሰነዶቹ ቀዳሚ መልእክቶች አንዱ የፔኒሲሊን አቅርቦት እንዳይጓደል ነው፤ ምክንያቱም በአንድ መርፌ የሚገታው በሽታ ነው ኋላ ደረት የሚያስከፍተው።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን ያለፋችሁ፣ ካርዳችሁን ዛሬ ማታ አውጡና የሚቀጥለው ቀጠሯችሁ መቼ እንደሆነ እዩ። ጤነኞች የሆናችሁ፣ ደም ለግሱ። በቤታችሁ ደግሞ ጉሮሮውን አሞት ያተኮሰው ልጅ ካለ፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]